ያለመሰደድ መብት ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚታጠፈውን መንገድ የማያውቅ ወሎዬ የለም። ሰኞ ሲሆን የገበያተኛ መንገድ ነው። ለብዙ ወጣት ግን መውጫ በር ነው፦ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳውዲ። ደላላው «በቃ ትንሽ ነው» ይላል። መምህሩም፣ ካድሬውም፣ ሬዲዮውም «አትሂዱ» ይላሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነገሩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። ሰው የመሰደድ መብት አለው፤ ከዚያ በፊት ግን ያለመሰደድ መብት አለው። በቀዬው በሰላም ሠርቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ የመኖር መብት ማለት ነው። የሮማው ጳጳስ በነዲክቶስ 16ኛ ለ2013 የስደተኞች ቀን ባወጡት መልእክት ይህን አጥብቀው ተናግረዋል (እዚህ ስለ ጳጳሳቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከእሳቸው በኋላ ጳጳስ የሆኑት ፍራንቸስኮስም በ2023 ለዚሁ ቀን የመረጡት መሪ ቃል ለመሰደድም ለመቅረትም ነፃ ስለመሆን ነበር። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት ደብዳቤ፣ ሰው አገሩ ላይ ደህና ኑሮ ካገኘ በባዕድ አገር እንደማይለውጣት ጽፈዋል።

ልብ በሉ፣ መብት ነው የተባለው፣ ግዴታ አይደለም። «አትሂድ» የሚለው ምክር ሸክሙን ልጁ ላይ ይጥላል። «ያለመሰደድ መብት አለህ» ሲባል ግን መልስ የሚጠየቀው መብቱን የሚያስከብረው አካል ነው፤ መንግሥት፣ አሠሪ፣ ጦርነት የሚከፍት ሁሉ።

ኮምቦልቻን እንይ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ልጆቻችን እዚሁ ይቀራሉ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ጠዋት ሰርቪስ ጠብቃ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ የምትውል ልጅ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ለአስቤዛ ከፍላ ለእናቷ የምትልከው ካልተረፋት አረብ አገር ያለችው እህቷ ትበልጥባታለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ የደመወዝ ወለሉን በብር አላስቀመጠም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገባ። ሥራ ቢኖር እንኳ ሰላም ከሌለ መብቱ ጎዶሎ ነው።

ይህን ሐሳብ በሀብታም አገሮች ያሉ ፖለቲከኞች ሊወዱት ይችላሉ፤ «እዚያው ቅሩ» ለማለት ይመቻል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ትምህርቱን ገምሶ መውሰድ ነው። የአሜሪካና የሜክሲኮ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2003 በጋራ ባወጡት ሰነድ፣ ሰው በአገሩ ኑሮ የማግኘት መብት አለው ካሉ በኋላ፣ ካጣ ደግሞ ራሱንና ቤተሰቡን ለማኖር የመሰደድ መብት አለው ብለዋል። አገሮች ድንበራቸውን የመቆጣጠር መብት እንዳላቸውም አልካዱም። ግን ወረቀት የሌለው ሰው ክብሩ ይጠበቅ፣ ሕጋዊ የሚሆንበት መንገድ ይከፈትለት፣ ቤተሰብ አይበተን ይላሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ትምህርተ ክርስቶስም፣ የበለጸጉ አገሮች እንደ አቅማቸው የመቀበል ግዴታ እንዳለባቸው፣ ስደተኛውም የተቀበለውን አገር ሕግ ማክበር እንዳለበት ያስተምራል።

ወሎ ውስጥ ካቶሊክ ጥቂት ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በፈረንጅ 2015 ነው። ተጓዡ በአብዛኛው ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ነው፤ መብቱ ግን ሃይማኖት አይጠይቅም።

በዚህ መለኪያ፣ ከሳውዲ ተጠርዞ ደሴ መናኸሪያ የሚወርድ ልጅ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ መብቱ አልተመለሰለትም። የሚያርሰው መሬት፣ የሚገባበት ሥራ ወይም መነሻ ብድር ካላገኘ፣ ቤተሰቡ ለመጀመሪያው ጉዞ የተበደረው ዕዳ ብቻውን እንደገና ያስነሳዋል።