አክሰስ ፖይንት ሲዋቀርና ሲሻሻል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋይፋይ ሲደክም ብዙ ሰው ወደ ሱቅ ሄዶ አዲስ ዕቃ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው በአክሰስ ፖይንቱ፣ ማለትም ዋይፋይ በሚያሰራጨው ዕቃ፣ አቀማመጥና ሴቲንግ ነው፤ ሴቲንጉ ሳይስተካከል የተገዛው አዲስ ዕቃም ያንኑ ችግር ይዞ ይቀጥላል።

«ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ብጨምረው ሁሉም ክፍል ይደርሳል»

ዋይፋይ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ አንዱ ተናግሮ ሌላው የሚያዳምጥበት አይደለም። ስልኩ ለሚቀበለው መረጃ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። አክሰስ ፖይንቱ በ23 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ማለትም በ200 ሚሊዋት ገደማ ሲልክ፣ ስልክ በተለምዶ የሚመልሰው ከ12 እስከ 15 ዲቢኤም ባለው ጉልበት ነው፤ ይህም ከ16 እስከ 32 ሚሊዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ጓዳ ያለው ስልክ ጥሩ ሲግናል እያሳየ ገጽ መክፈት ያቅተዋል፦ እሱ ይሰማል፣ እሱን ግን የሚሰማው የለም።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት አክሰስ ፖይንት ካለ ደግሞ ይብሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው፤ የሩቁ በጣም ከጮኸ ስልኩ እሱኑ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ አጠገቡ ያለውን አያየውም። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች በ2.4 ጊጋኸርዝ ጉልበቱን ዝቅ፣ በ5 ጊጋኸርዝ መካከለኛ አድርገው ይጀምሩ። ከዚያ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆነው በስልክ መለኪያ አፕ ይለኩ። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ ከ−67 ዲቢኤም ባይወርድ ጥሩ ነው።

«ሁለተኛ ራውተር ለመጨመር ኬብሉን መሰካት ይበቃል»

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፋይበር ሲገባ የሚተከለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ራውተር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ ዕቃዎች የሚያከፋፍል፣ ነው። ሁለተኛውን በዋን ወደቡ (ኢንተርኔት በሚገባበት ቀዳዳ) ካገናኙት ቤቱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ይፈጠራሉ፤ ከላይኛው ፎቅ ያለው ላፕቶፕ ታች ያለውን ፕሪንተር ያጣዋል። ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 የሚባል አድራሻ ከያዙ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ላያልፍ ይችላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሁለተኛውን ራውተር ከዋናው ሳያያይዙ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር በኬብል ያገናኙ። የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃልና የምስጠራ ዓይነት ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ፤ ቻናሉን (የሚሠራበትን የሞገድ መስመር) ግን ይለዩ። ቀጥሎ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን 192.168.1.2 ያድርጉ። ይህ አድራሻ ዋናው ራውተር ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ ዋናው ከ192.168.1.100 ጀምሮ እንዲያድል ማድረግ ይቻላል። በአዲሱ አድራሻ ተመልሰው ይግቡና ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒን ያጥፉ። በመጨረሻ ከዋናው የላን ወደብ ወደ ሁለተኛው የላን ወደብ ኬብል ይዘርጉ፤ የዋን ወደቡ ባዶ ይቀራል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ላይ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ የአድራሻውንና የዲኤችሲፒውን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራልዎታል፤ እሱን ይምረጡ።

ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ከቀረ ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ነገ ደግሞ ይገላበጣል። ያልሠራው ስልክ አድራሻውን የወሰደው ከተሳሳተው ራውተር ነው። በሌላ በኩል፣ ዲኤችሲፒው ጠፍቶ ላፕቶፑ አድራሻ አጥቶ መግባት ካልቻለ፣ ለላፕቶፑ 192.168.1.10ን በእጅ ሰጥተው ይግቡ።

«ማንም ያልያዘውን ቻናል 3 ወይም 4 መምረጥ ይሻላል»

በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ዕቃዎች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ። ቻናል 3 ላይ የተቀመጠው ግን የ1ንም የ6ንም ተጠቃሚዎች ይረብሻል፣ እነሱም ይረብሹታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የጎረቤት ዋይፋይ በየግድግዳው በሚያልፍበት ቦታ፣ በ2.4 ላይ ስፋቱን 20 አድርጎ መተው ይገባል፤ 40 ማድረግ ለራስም ለጎረቤትም ጉዳት ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ለቤት 80 ሜጋኸርዝ ይበቃል። ከቻናል 52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩት ናቸው፤ አክሰስ ፖይንቱ መላክ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የ5 ጊጋኸርዙ ስም ወዲያው ካልታየ ተበላሸ ብለው ሪሴት አያድርጉ።

«ስሙን ከደበቅኩና ማክ አድራሻ ካጣራሁ ማንም አይገባም»

የተደበቀ ስም የእርስዎ ስልክ በተገናኘ ቁጥር በአየር ላይ በግልጽ ይነገራል። ማክ አድራሻም (እያንዳንዱ ዕቃ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) እንዲሁ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ መቅዳት ቀላል ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች በየኔትወርኩ የተለያየ ማክ ስለሚያሳዩ፣ ማጣሪያው የሚያግደው የራስዎን ቤተሰብ ይሆናል። የሚጠብቅዎ ረዥም የይለፍ ቃል ያለው ደብሊውፒኤ2 የተባለው ምስጠራ ከኤኢኤስ ጋር፣ ከተቻለም ደብሊውፒኤ3 ነው። የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስን ያጥፉ፦ ባለ 8 አሃዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ 11,000 ሙከራ ብቻ እንደሚበቃው በ2011 ታውቋል። አሮጌው ምስጠራ ቲኬአይፒ ከተመረጠ ደግሞ ፍጥነቱ ከ54 ሜጋቢት እንዳያልፍ ይታሰራል።

«ፈርምዌር ማሻሻል ፋይል አውርዶ መጫን ብቻ ነው»

ዕቃ የሚሞተው በዚህ ሐሳብ ነው። ፈርምዌር ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ሶፍትዌር ነው። አንድ የሞዴል ስም ብዙ የውስጥ ዓይነት ሊኖረው ይችላል፤ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7 ብቻውን ከቨርዥን 1 እስከ 5 አለው፣ ፈርምዌሩም ይለያያል። ስለዚህ ሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አንብበው ሞዴሉንም፣ ቨርዥኑንም፣ የተሠራበትንም ክልል ያመሳክሩ። የወረደው ፋይል ዚፕ ከሆነ ይፍቱት። ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ ያንብቡ፤ አንዳንዱ በመካከል ሌላ ቨርዥን እንዲያልፉ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚያ ሴቲንጉን ወደ ፋይል ያስቀምጡ፣ የኢንተርኔቱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሥራው በኬብል ይሠራ እንጂ በዋይፋይ አይሁን። ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት፤ ፈርምዌሩ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ዕቃው ሳይነሳ ሊቀር ይችላልና። ገጹ የቆመ ቢመስልም 10 ደቂቃ ሳይሞላ አይንቀሉት። አክሰስ ፖይንቶቹ ብዙ ከሆኑ አንዱን አሻሽለው አንድ ሁለት ቀን ይዩት፤ በአየር የሚያያዙ ከሆኑ ደግሞ ከሩቁ ይጀምሩ።

ሳይነሳ ከቀረም ወዲያው አይጣሉት። ብዙ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች የሪሴት ቁልፋቸው ተይዞ ሲበሩ በ192.168.0.66 የማዳኛ ፋይል ይፈልጋሉ። ላፕቶፑን በዚያ አድራሻ አድርጎ ለሞዴሉ የተሰየመውን ፋይል በቲኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ በሚያቀብል ቀላል መንገድ) ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

«ዋይፋይ 6 ኢንተርኔቴን ያፈጥነዋል»

መስመርዎ 10 ሜጋቢት ከሆነ 10 ነው። ስልኩም ዋይፋይ 6 የተባለውን የዋይፋይ ትውልድ ካልቻለ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከዕቃው በፊት ኬብሉን ይመልከቱ፦ ከስምንቱ ክሮች አራቱ ብቻ ከተያያዙ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም።

«በኔትወርክ ኬብል የሚሄድ መብራት ሁሉ አንድ ነው»

በኔትወርክ ኬብል የሚሄደው መብራት፣ ፒኦኢ፣ ሁለት ዓይነት ነው። ደረጃውን የጠበቀው፣ 802.3ኤኤፍ እስከ 15.4 ዋት፣ 802.3ኤቲ እስከ 30 ዋት፣ ዕቃውን ጠይቆ ነው የሚሰጠው። ፓሲቭ የሚባለው ግን ሳይጠይቅ ይለቃል፣ ብዙውን ጊዜ በ24 ቮልት፤ የማይመለከተው ዕቃ ላይ ከተሰካ ያቃጥላል። 30 ዋት የሚፈልግ አክሰስ ፖይንት 15.4 ዋት ካገኘ ደግሞ ይበራል፣ ግን አንዱን ሬዲዮ ሊያጠፋ ወይም ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ደክሞ ከታየዎት መጀመሪያ በኬብሉ መብራት የሚሰጠውን የስዊቹን ዋት ይመልከቱ።