«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ሱሉልታ ከመሀል ከተማው ከፍ ስለምትል የጠዋቱ ብርድ ቶሎ አይለቅም። በዚያ ሰዓት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ነው። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ስለሚሰማ ድምፅ የሚባለው ግን አብዛኛው ግምት ነው።

«ካንኳኳ ቢየላ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ።» ቢየላ ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ይህ ፍርድ በእኔም ላይ ተፈርዷል። አንድ ጋራዥ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ሳይቀር ጻፈልኝ። በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ አወጡ። ጫፉን ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሥር አጥንቱ ላይ አስደግፈው አዳመጡ። ቀጥሎ የውሃ ፖምፓውን፣ ከዚያ የሞተሩን ጎን። ተመልሰው ዲናሞው ላይ ቆሙና «እዚህ ነው ልጄ» አሉ። የመያዣው ብሎን ላልቶ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። በ12 ቁልፍ ሁለት ዙር፤ አለቀ። ድምፅ በብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ኮፈን ከፍቶ በጆሮ ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

እውነተኛው የቢየላ ድምፅ ወፈር ያለ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅና ቤንዚን ሲሰጠው ይብሳል። ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ገመድ መንቀል፣ ለአፍታ አስነስቶ መስማት፤ እንዲህ እያሉ በየተራ። የተጎዳው ሲሊንደር ላይ ሲደረስ ኳኳታው ይቀንሳል። እየሠራ በእጅ አይነቀልም፤ ያነዝራል። የዘይት መብራት ከበራማ ምርመራም የለም፤ ወዲያው ይጥፋ።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበት፣ ዝም ይላል።» ዝም ሊል ይችላል። ግን በብርድ ጠዋት ወፍራም ዘይት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፣ እስከዚያ ላይኛው ክፍል በደረቁ ይፋተጋል። ቀጭ ቀጭ ካለ መጀመሪያ የዘይቱ ልክ ይታይ፤ ካልጎደለ የቫልቩ ክፍተት ይለካ። ክፍተቱ የሚሊሜትር ክፋይ ነውና በዓይን አይገመትም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ከልክ በላይ የጠበበ ቫልቭ ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

«ቤንዚኑ ተበርዟል።» በቤንዚን ጥራት የሚመጣው መንኳኳት የሚሰማው ሞተሩ ጭነት ሲሸከም፣ ለምሳሌ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ነው። ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ይህን መጠርጠር ብዙም አያስኬድም።

«ሲሞቅ ከጠፋ ድኗል።» አልዳነም፤ ግን ላያስቸኩል ይችላል። የጭስ መውጫው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲያሾልክ ብረቱ ሞቆ እስኪሰፋ ይጮኻል፤ አካባቢው ላይ ጥቁር ጥላሸት ይፈለግ።

የሚጮህ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ላይ ሳሙና ወይም ዘይት መቀባት ጎማውን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ድምፁ ለአፍታ ከጠፋ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሊ ተዛንፏል፤ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል።

የመጨረሻው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚሰማ ጉርምርምታ። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ፔዳል) ይረገጥ። ሲረገጥ ከጠፋ የሚጮኸው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ነው፤ ሲረገጥ ከመጣ የፍሪሲዮኑ። በሁለቱም ሞተሩ የለበትም።