ሐሰተኛ ቅሪተ አካል ምንድን ነው?

በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ግዛት በሚገኙት የላይም ሪጂስና የቻርማውዝ የባሕር ዳርቻዎች፣ በብርዱ ወራት ማዕበል ገደሉን እየሸረሸረ ይንደዋል፤ ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል የነበረው ጥቁር የጭቃ ድንጋይም ተፈርፍሮ ከተራው ጠጠር ጋር ይደባለቃል። በዚያ የሚመላለስ ሰው ድቡልቡል ድንጋይ አንሥቶ የዳይኖሰር እንቁላል ያገኘ ይመስለዋል፤ ቅርንጫፍ መሳይ ጥቁር ሥዕል የታተመበትን ስባሪ አይቶም የጥንት ቅጠል ነው ይላል። እንዲህ ያለው፣ ሕይወት የሌለው የተፈጥሮ ሂደት የሠራው ሆኖ ሳለ የሕያው ፍጡር ቅሪት የሚመስል ነገር ሐሰተኛ ቅሪተ አካል ይባላል። ሰው አስመስሎ የቀረጸው ስላልሆነ፣ ሐሰቱ ያለው በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ግምት ላይ ነው።

ድቡልቡሉን ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሚፈጥረው በደለል ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ነው። ውሃው የያዘው ማዕድን በአንድ እምብርት ዙሪያ እየረጋ ሲሄድ ደለሉን አጣብቆ ያጠነክረዋል፤ ኋላም ዙሪያው ያለው ለስላሳ ጭቃ ሲታጠብ እብጠቱ ብቻውን ይቀራል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ እንቁላል አለመሆኑ ባዶ ነው ማለት አይደለምና። የቻርማውዝ ድቡልቡሎች አንዳንዶቹ በእምብርታቸው እውነተኛ አሞናይት፣ ማለትም ጠመዝማዛ ዛጎል የነበረው የጠፋ የባሕር እንስሳ፣ ይዘው ይገኛሉ። ቅጠል የሚመስለው ጥቁር ሥዕል ግን የማንጋኒዝና የብረት ኦክሳይድ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሣለው ነው። የቅጠል የደም ሥር የመሰለ መሐል መስመር የለውም፤ ቅርንጫፎቹም እንደ ውርጭ በዘፈቀደ ይበታተናሉ። በዚሁ ጠረፍ የአካባቢው ሰዎች በእንግሊዝኛ «ቢፍ»፣ ማለትም የበሬ ሥጋ፣ የሚሉት ጭረታም የካልሳይት ንብርብርም አለ፤ ጭረቱ ከሥጋ ይልቅ የእንጨት ጭረት ስለሚመስል ድንጋይ የሆነ ግንድ ነው ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ክብ ቀዳዳ የበዛባቸው ጠጠሮችም የጥንት ነገር ሊመስሉ ይችላሉ፤ ብዙዎቹን ግን የበሱት ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ለስላሳ ድንጋይ ሰርስረው የሚኖሩ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳት ናቸው።

ስለዚህ «ይህ ነገር ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። ሊጠየቅ የሚገባው «ሕይወት ብቻ የሚሠራው ሥርዓት አለበት ወይ?» የሚለው ነው። አሞናይት ከሆነ ጥምዝምዙ ከመሐል ወደ ውጭ በተመጣጠነ ሁኔታ እየሰፋ ይሄዳል፤ በላዩም የጎድን አጥንት የመሰሉ ሸንተረሮች በየርቀታቸው ይደጋገማሉ። ቤለምናይት የሚባለው፣ የስኩዊድ ዘመድ የነበረ እንስሳ የውስጥ አካል፣ ጥይት የመሰለ ሹል ድንጋይ ነው፤ በተሰበረበት በኩል ሲታይ ግን ከመሐል ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የሚዘረጉ የካልሳይት ክሮች ይገኙበታል። የባሕር ጃርት የሚባለው እንስሳ ቅሪት አምስት ቦታ የተከፈለ ንድፍ ይዞ ይወጣል። አጥንት ደግሞ በቅርጹ ሳይሆን በውስጡ ይታወቃል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የስፖንጅ ዓይነት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል፣ ቀዳዳዎቹ በማዕድን ከተሞሉም ክብደቱ ከዛሬ አጥንት ይበልጣል።

የድንጋዩ ዓይነትም ይመሰክራል። ከቀለጠ ዐለት የተፈጠረ ግራናይት ቅሪተ አካል አይዝም፤ ቅሪተ አካል በብዛት የሚገኘው በጭቃ ድንጋይ፣ በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በእኛም አገር የዓባይን ሸለቆ የወረደ ሰው ከባሕር ብዙ ርቆ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ማየቱ ሊያስደንቀው አይገባም፤ ያ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ውስጥ የረጋ ነውና።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ በእኔ አስተያየት ከፊተኛው የሚብሰው እርሱ ነው፣ እውነተኛውን ቅሪተ አካል ተራ ድንጋይ ብሎ ያስጥላልና። በላይም ሪጂስ ቤዞር ድንጋይ የሚባሉ ሞላላ ጠጠሮች ነበሩ። በዚያችው ከተማ የኖረችው ቅሪተ አካል ሰብሳቢዋ ሜሪ አኒንግ (1799–1847) እነዚህ ጠጠሮች ኢክቲዮሰር በተባለው ዓሣ መሰል ተሳቢ እንስሳ አፅም ሆድ አካባቢ እንደሚገኙ አስተዋለች፤ ሲሰበሩም በውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ታየ። የኦክስፎርዱ ምሁር ዊልያም ባክላንድ በ1829 ድንጋይ የሆነ ዓይነ ምድር መሆናቸውን አስረድቶ ኮፕሮላይት የሚል ስም ሰጣቸው። ሚስጥሩን የፈታው የጠጠሮቹ መልክ አልነበረም፤ የተገኙበት ቦታና በውስጣቸው ያለው ነገር ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ያገኘ ሰው ከመስበሩ ወይም ከማጠቡ በፊት አጠገቡ ሳንቲም አድርጎ ፎቶ ቢያነሣው፣ ቦታውንና ዙሪያው ያለውን ድንጋይ ቢመዘግብ፣ ከዚያም በአቅራቢያው ላለ የቅሪተ አካል ማዕከል ወይም ሙዚየም ቢያሳየው ይመረጣል። ፍለጋውም ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ከገደሉ ሥር ርቆ፣ ማዕበሉ አጥቦ ባወጣው ጠጠር ላይ ይሁን፤ የቻርማውዝ ገደል ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል።