«ሕዝብ የሌላት አገር፣ አገር ለሌለው ሕዝብ»፦ አባባሉን ማን አመጣው?

ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ወሬ ተነስቶ ይቺ አባባል ሳትጠቀስ የሚያልፍ ክርክር ብዙም አላየሁም። አንዱ «አይሁዶቹ ሰው የለበትም ብለው ዋሽተው ነው የገቡበት» ይላል። ሌላው «ማንም እንደዚያ አላለም፣ ጠላት የፈጠረው ወሬ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ቆንጥረው ይዘዋል። እስቲ ዛሬ ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሲጀመር አባባሉን ያመጣው አይሁዳዊ አይደለም። ጽዮናውያን የሚባሉትን፣ ለአይሁድ በፍልስጤም አገር ይኑረው የሚሉትን፣ በንቅናቄ ያደራጀውን የቴዎዶር ሄርዝልን ፎቶ ለጥፈው ከሥሩ ይቺን የሚጽፉ ሰዎች ቀኑን ቢያዩ ጥሩ ነበር። ሄርዝል በ1860 ሲወለድ አባባሉ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበር።

ባለቤቱ አሌክሳንደር ኪት የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ነው። በ1839 ቤተ ክርስቲያኑ እሱንና ሌሎች ሦስት ቄሶችን «ስለ አይሁዶች ሁኔታ አይታችሁ ኑ» ብላ ወደ ፍልስጤም ላከቻቸው። ያኔ አገሩን የግብጹ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ከኦቶማኖች ነጥቆ ይዞት ነበር። ኪት ደግሞ ሥራው ሁሉ ትንቢት ነው፤ ፍርስራሽ ባየ ቁጥር «ነቢያት ያሉት ደረሰ» የሚል ሰው። በ1843 ባሳተመው ጽሑፍ አይሁዶች አገር የሌላቸው ሕዝብ ናቸው፣ አገራቸውም በአብዛኛው ሕዝብ የሌላት አገር ናት አለ። «በአብዛኛው» የምትለዋን ያዙልኝ። ኪት አገሩን ዞሮ አይቶታል፣ ሰው እንዳለበት ያውቃል። በዓመቱ ጽሑፉን የገመገመ የኤዲንብራ መጽሔት ግን «በአብዛኛው»ን ጥሎ አሳጠራት፣ ዜማም ሰጣት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት!

ቀጥሎ ያነሳት ሎርድ ሻፍትስበሪ ነው። እንግሊዝ አገር በፋብሪካ የሚማቅቁ ሕፃናት የሥራ ሰዓት እንዲቀነስ በመታገሉ የሚመሰገን ሰው ነው። በ1853 የክሪሚያ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአበርዲን ጻፈ። ሶርያና አካባቢዋ ብሔር የሌላት አገር ናት፣ አገር የሌለው ብሔር ያስፈልጋታል፣ እሱም አይሁድ ነው አለ። እዚህ ጋ ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ሩሲያ «የኦርቶዶክሶች ጠባቂ ነኝ» ብላ፣ ፈረንሳይ «የካቶሊኮች ጠባቂ ነኝ» ብላ በኦቶማን ግዛት እጃቸውን አስገብተዋል። እንግሊዝ በዚያ አገር «የኔ» የምትለው ወገን አልነበራትም። ለሻፍትስበሪ የእምነቱና የመንግሥቱ ጥቅም አንድ መስመር ላይ ገጠሙለት።

አሁን ወደ ትርጉሙ። ክርክሩ ያለው «ሕዝብ» ላይ ነው። ለአባባሉ የሚከራከሩ ሰዎች «ሰው የለም አልተባለም፣ ራሱን የቻለ ብሔር የለም ነው የተባለው» ይላሉ። እውነት አላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍልስጤም የሚባል መንግሥት አልነበረም። ኢየሩሳሌምና ዙሪያዋ ከ1872 ጀምሮ በቀጥታ ለኢስታንቡል ይገብሩ ነበር፤ ሰሜኑ ደግሞ ኋላ ላይ በቤይሩት ሥር ሆነ። ገበሬውን ማን ነህ ብትለው መንደሩን፣ ጎሳውን፣ ሃይማኖቱን ነው የሚነግርህ። እሺ። ግን ብሔር አልተባለም ማለት ርስት የለውም ማለት ነው? እኔ መከላከያውን የምቀበለው እዚህ ድረስ ነው። አባባሉ ሰውየውን ያየዋል፣ በባለቤትነት ግን አይቆጥረውም። ይሄ ደግሞ «የለም» ከማለት ብዙም አይርቅም።

መኖሩንማ ማንም ሊክደው የሚችል አልነበረም። የጃፋ ብርቱካን በመርከብ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የናብሉስ ሳሙና በየአገሩ ይሸጣል። የጋዛ ገብስ ተጭኖ እንግሊዝ አገር ቢራ ይጠመቅበታል። እንግሊዞች በ1922 ሕዝብ ሲቆጥሩ 757 ሺህ ገደማ አገኙ። ከመቶ 78 ያህሉ ሙስሊም፣ 11 ያህሉ አይሁድ፣ 10 ያህሉ ክርስቲያን ነበር።

አይሁዶች ራሳቸውም ይሄን ብለዋል። አሃድ ሃአም በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጸሐፊ በ1891 አገሩን ጎብኝቶ ሲመለስ ለወገኖቹ በግልጽ ጻፈላቸው። «እኛ ውጭ ሆነን አገሩ ጠፍ ነው እንላለን፣ እዚያ ግን ያልተዘራ እርሻ ማግኘት ከባድ ነው» የሚል ነው ሐሳቡ። በ1899 ደግሞ የኢየሩሳሌም ከንቲባ የነበረው ዩሱፍ አልኻሊዲ ለፈረንሳይ ዋና ረቢ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ዛሬም የሚገርም ነው። የአይሁዶችን መብት ማን ይክዳል፣ በታሪክ አገራችሁ ነው ይላል። ከዚያ ግን አገሩ ሌሎች ሰዎች እንዳሉበት ያስታውስና፣ በእግዚአብሔር ስም ፍልስጤምን ተዉአት ብሎ ይለምናል። ደብዳቤው ሄርዝል እጅ ገባ። ሄርዝል በዚያው ወር መለሰለት፦ ማን ሊያስወጣቸው ያስባል? እኛ ስንመጣ ሀብታቸው ይጨምራል እንጂ። እንግዲህ ሄርዝልም ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አባባሉ በጽዮናውያን ዘንድ ስሙ የገነነው በእስራኤል ዛንግዊል ነው። ለንደን የተወለደ ደራሲ ነው፤ የሩሲያ ስደተኞች ልጅ። በ1901 «ፍልስጤም ሕዝብ የሌላት አገር ናት፣ አይሁድ አገር የሌለው ሕዝብ ነው» ብሎ ጻፈ። እስከ ዛሬ የሚወቀሰው በዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ላይ የተናገረውን ነው። ጽዮናውያን ፊት ለፊት ማየት የማይወዱት ችግር አለ፣ ፍልስጤም ነዋሪ አላት አለ። ቁጥር ሳይቀር ጠራ፦ የኢየሩሳሌም አውራጃ በአንድ ካሬ ማይል 52 ሰው ይኖርበታል፣ ይሄም ከአሜሪካ እጥፍ ነው፣ ከሕዝቡም ሩቡ እንኳ አይሁድ አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል ሲል ሁለት መንገድ አስቀመጠ። ወይ እንደ ጥንት አባቶቻችን በሰይፍ ማስወጣት፣ ወይ ከብዙ ባዕድ ሕዝብ ጋር መታገል። አያችሁ፣ «ተሳስቻለሁ» አለ ተብሎ የሚጨበጨብለት ሰው አይደለም። ያለውን ነገር ግን ከጓደኞቹ ቀድሞ አየው። በኋላም ሌላ አገር ፍለጋ ገባ። እንግሊዝ «ኡጋንዳ» ብላ ያቀረበችውና የዛሬዋ ኬንያ ውስጥ ያለው መሬት በጽዮናውያኑ ጉባኤ ሲወድቅ፣ ተገንጥሎ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። (ኬንያስ ባዶ ነበረች እንዴ? ይሄ ሌላ ቀን ይጻፍ።)

ከዋነኞቹ መሪዎች አንድም አልተጠቀመበትም የሚሉም አሉ። ይሄም ልክ አይደለም። በኋላ የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ኻይም ቫይዝማን በ1914 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር አባባሉን እንዳለ ነው ያነበነበው። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው፣ እንግሊዝ ለአይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ ቤት እንዲኖር እደግፋለሁ ያለችበት የባልፎር መግለጫ ደግሞ አብዛኛውን ነዋሪ በስሙ አልጠራውም። «በፍልስጤም ያሉ አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» አለው። ከአሥር ዘጠኙ ነዋሪ በአንዱ ስም «ያልሆነ» ተብሎ ተጠራ።

መሬት ላይ ይሄ እንዴት እንደሚሠራ የጭሰኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ኦቶማኖች በ1858 መሬት ይመዝገብ የሚል ሕግ አወጡ። ገበሬው ግብርና ውትድርና ፈርቶ በስሙ አላስመዘገበም፣ በትልልቅ ሰዎች ስም ተመዘገበ፤ አንዳንዱንም መንግሥት ለነጋዴ ሸጠው። እንዲህ ሆኖ ለም የሆነው የኢይዝራኤል ሸለቆ ብዙው በቤይሩት የሚኖሩ የሱርሶክ ቤተሰቦች ሆነ። እነሱ በ1920ዎቹ ለአይሁድ የመሬት ገዢ ድርጅቶች ሲሸጡት ሽያጩ በሕግ ምንም ጉድለት የለበትም። ገዢው በገንዘቡ ገዛ፣ ሻጩ በሰነዱ ሸጠ። ሲያርሰው የኖረው ግን በካሳም ይሁን ያለ ካሳ ይነሳል። በወረቀቱ ላይ አልነበረማ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልለፈው። በኅዳር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት አገሩ ለሁለት ይከፈል ብሎ በ33 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ ወሰነ። ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 10 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከሕዝቡ ሲሶ ያህል የሆኑት አይሁዶች ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ደረሳቸው። የአይሁድ መሪዎች ተቀበሉ፣ ዓረቦቹ እምቢ አሉ፣ ጦርነት ሆነ። 700 ሺህ ያህል ፍልስጤማውያን ሸሹ ወይም ተባረሩ፤ «ነክባ» የሚሉት ይሄን ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ከዓረብ አገሮች ተነቅለው ወጡ፣ አብዛኞቹም እስራኤል ገቡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቁም። በኅዳር 30 ቀን 1948 የእስራኤሉ አዛዥ ሞሼ ዳያንና የዮርዳኖሱ አዛዥ አብደላ አልታል ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ባዶ ቤት ገብተው ካርታ ላይ የተኩስ አቁም መስመር አሰመሩ። ዳያን በአረንጓዴ፣ አልታል በቀይ፣ በወፍራም የሰም እርሳስ። ካርታው 1 ለ20 ሺህ ነው። የእርሳሱ ጭረት ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ይሄ መሬት ላይ ሲወርድ ከ60 እስከ 80 ሜትር ስፋት ነው። መንገድና መኖሪያ ቤት በሙሉ ከጭረቱ ሥር ገባ። ለዓመታት ከተጨቃጨቁባቸው ነገሮች አንዱ «የእርሳሱ ውፍረት የማን ነው» የሚል ነበር። ቤይት ሳፋፋ የምትባለው መንደር ደግሞ በ1949 ስምምነት ለሁለት ተሰነጠቀች፤ እስከ 1967 ድረስ አንዱ ቤተሰብ በሽቦው ወዲህ፣ ዘመዱ በሽቦው ወዲያ ሆኖ ሠርግና ለቅሶ ይተያዩ ነበር።

ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ አባባሉ በሌላ ልብስ ተመለሰ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ጎልዳ ሜየር በ1969 ለእንግሊዝ ጋዜጣ «ፍልስጤማውያን የሚባል ነገር አልነበረም» አለች። ያው የድሮው «ሕዝብ የለም» ነው። ግን የወዲያኛውም ወገን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፀደቀው የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ቻርተር በ20ኛው አንቀጽ፣ አይሁድነት ሃይማኖት ነው እንጂ ብሔር አይደለም፣ አይሁዶች አንድ ሕዝብ አይደሉም ይላል። አንዱ አገሩን ሕዝብ ነሳው፣ ሌላው ሕዝቡን ሕዝብነት ነሳው። የድርጅቱ መሪ ያሲር አራፋት በ1974 የተባበሩት መንግሥታት ላይ ሲናገር አባባሉን ስም ጠርቶ «አገራችን በረሃ ነበረች፣ ሕዝብ አልነበራትም የሚባለው ተረት ያመናል» አለ። ፍልስጤማዊ ዛሬ አባባሉን ሲሰማ ለምን እንደሚቆጣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በመስከረም 1993 አራፋትና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን ደብዳቤ ተለዋወጡ። አራፋት እስራኤል በሰላም የመኖር መብት እንዳላት አወቀ። ራቢን ደግሞ ድርጅቱን «የፍልስጤም ሕዝብ ተወካይ» ብሎ ተቀበለው። «ሕዝብ» የምትለዋ ቃል ኪት ከጻፈ በ150 ዓመቷ በመንግሥት ፊርማ ገባች። መሬቱ ግን በዚያ አልተፈታም። ድንበር፣ ኢየሩሳሌም፣ የአይሁድ ሰፈራዎችና ስደተኞች «በኋላ እንነጋገርበታለን» ተብለው ተተዉ። ቀጠሮው እስከ 1999 ነበር። እስራኤል በ1967 የያዘችውን ዌስት ባንክን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ የከፈለው ጊዜያዊ አሠራር እስካሁን አለ፣ ከመቶ 60 ያህሉ መሬት ያለበት ሲ ደግሞ በእስራኤል ጦር እጅ ነው።