«ተሽሎኛል፣ አቁሜዋለሁ»፦ ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ለድባቴ (ዲፕሬሽን)፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ባይፖላር፣ የሌለ ድምፅ ለሚያሰማውና ሰውን ለሚያስጠረጥረው ስኪዞፍሬንያ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ከመሀላቸው ድንገት የሚጠፉ አሉ። ከወራት በኋላ ብቅ ሲሉ «የት ጠፋህ?» እላለሁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ተሽሎኝ እኮ ነው፣ አቆምኩት።» ይህን መስማት በእውነት ሰልችቶኛል።

የተሻለህ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። የግፊት ክኒን የምትወስድ እናትህ ግፊቷ 120 በ80 ሲሆን «በቃ ድነሻል፣ ተይው» ትላታለህ? አትላትም። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ቤተሰቡም ጎረቤቱም «አሁንማ ደህና ነህ፣ ምን ያደርግልሃል?» ይላል።

ሰውን የሚያታልለው ነገር በቆመ ማግስት ምንም አለመታየቱ ነው። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል። እንዲያውም ድካሙ ለቀቅ ስለሚያደርግ ቀለል ይላል። «አየሽ፣ ድሮም አያስፈልገኝም ነበር» ይለኛል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ግን ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ያኔ ማንም ከተቋረጠው መድኃኒት ጋር አያያይዘውም። መተት ነው ይባላል፣ የሰው ዓይን ነው ይባላል።

እዚሁ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። ሪስፐሪዶን በሚባለው የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት ደህና ሆኖ ወደ ስፌት መኪናው ተመልሶ ይሠራ ነበር። ሊያገባ ሲል ዘመዶቹ «ሙሽራ ክኒን ሲውጥ ነውር ነው» አሉት። ተወው። ሠርጉ በሰላም አለፈ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከወራት በኋላ መጀመሪያ እንቅልፉ ጠፋ። ቀጥሎ ጎረቤቶቹ በመስኮት የሚሰልሉት መሰለው። አንድ ሌሊት ደንበኞች ያመጡለትን ጨርቅ ሁሉ ቆራርጦ ጨረሰው። እናቱ አዲሱን ማዘዣ ይዘው ሲመጡ መጠኑ ከበፊቱ ከፍ ብሏል። «ልጄ፣ እኔ እኮ ድኗል ብዬ ነው» አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም። በጊዜው በደንብ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ታዲያ የዕድሜ ልክ ነው ወይ? ለሁሉም አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ድባቴ የያዘው ሰው፣ ደህና ከሆነ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል። የመጀመሪያ ሳይኮሲስ (የሌለ ነገር መስማት፣ ማየት ወይም ያልሆነውን ማመን) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ሕመሙ ከተመላለሰ ጊዜው ይረዝማል፤ ዕድሜ ልክ የሚወስዱም አሉ። ማቆም ከፈለግክ ለሐኪምህ በግልጽ ንገረው፣ መብትህ ነው። እሱ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይከታተልሃል። እንደ ሰርትራሊን ያለውን የድባቴ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ስታቆመው ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቅላትን እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር ማድረግ ሊመጣ ይችላል።

«ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም ከዚህ ስሜት የተነሳ ይመስለኛል። የድባቴም ሆነ የሳይኮሲስ መድኃኒት እንደ ሱስ አምጣ አምጣ አያሰኝም። በእርግጥ ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉት እንደ ዳያዜፓም እና ብሮማዜፓም ያሉት የጭንቀት ማረጋጊያዎች ናቸው። ለዚህ ነው በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሸጡት። ያለ ማዘዣ አልሰጥም ስል የምትቆጡኝ፣ እባካችሁ ተረዱኝ።

«ሰውን ያፈዛል።» አንዳንዱ ያፈዛል፣ አልክድም። ኦላንዛፒን የሚባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት ደግሞ ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ኪሎና ስኳር መታየት አለበት። መፍትሔው መጠኑን ማስተካከል፣ ሰዓቱን መቀየር ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ነው። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሉም ቤተሰብ ይወቅ። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት በጀመረ በቀናት ውስጥ የአንድ ሰው አንገት ወደ ጎን ቢጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል ወይም መንጋጋው ቢቆለፍ፣ ሰይጣን አይደለም። የታወቀ የመድኃኒቱ ጠንቅ ነው። ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ በመርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። እኔ ያየሁት ልጅ ወደ ሕክምና የመጣው ሙሉ ቀን ሲጸለይለት ከዋለ በኋላ ነው። ያን ቀን ሙሉ በሕመም ተሰቃይቷል።

ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይወስድም የሚባለውስ? እንጦጦ ወጥቶ መጠመቅን የሚከለክል ሐኪም አላጋጠመኝም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ አስተምረዋል። ለዚህም ሕመም ያው ነው። የምትጾሙም ብትሆኑ የጠዋቱን ክኒን ዝም ብላችሁ አትዝለሉ፤ ወደ ማታ ይዛወርልኝ ብላችሁ ጠይቁ።

ጫት ምንም አያደርግም? ያደርጋል። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ አእምሮን ያነቃቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሳይኮሲስን ሊቀሰቅስ ይችላል።

የእህቴ ሕመም ተመሳሳይ ስለሆነ የእሷን ልውሰድ? በፍጹም።

ለባይፖላር ሊቲየም የምትወስዱ፦ ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ አትግዙ። የሊቲየሙን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ሊመርዛችሁ ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላል። የደም፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራውንም አታስቀሩ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ።

ለባይፖላር ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስዱ እህቶች ደግሞ፣ ለማርገዝ ስታስቡ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። በጽንሱ ላይ ከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አርግዛችሁ ከሆነም በፍርሃት በራሳችሁ አታቁሙት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ምክንያት እሰማለሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ደንበኞቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ ሰፈሮች ሄዱ። «ከዚያ ድረስ እየተመላለስኩ አልችልም» ብለው ክትትሉን የተዉ አሉ። ሩቅ መሆኑ እውነት ነው፣ ታክሲውም ገንዘብ ነው። ግን ሐኪማችሁን አዲሱ ሰፈራችሁ አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሪፈር ጻፍልኝ በሉት። የመድኃኒቱ ስምና መጠን ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ይህን የምታደርጉት እጃችሁ ላይ ያለው ክኒን ሳያልቅ ነው።