“እስከ አገጭህ ይድረስ” የሚለውን ተዉት፦ ለጥልቅ በረዶ የሚሆን ስኖውቦርድ አመራረጥ

“ቦርዱን አቁመው፤ አገጭህ ጋ ከደረሰ ልክህ ነው።” ይህን ምክር ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጥር ሲመጣ ደግሞ በብዛት እሰማዋለሁ። ለጥምቀት ከዴንቨር፣ ከሲያትል፣ ከካልጋሪ ዘመድ ጎንደር ይገባል። ፒያሳ ቡና ይዘን እንቀመጣለን። ወራቱ እዚያ በረዶ የሚከመርበት ስለሆነ ወሬው ወደዚያው ይዞራል። ስኖውቦርድ የጀመረ ሁሉ “ዘንድሮስ የፓውደር ቦርድ ልገዛ ነው” ይላል። ከዚያ ያቺው የአገጭ ምክር ትከተላለች።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ስኖውቦርድ ሁለቱም እግር አንድ ሰሌዳ ላይ ታስሮ፣ በጎን ቆሞ ከተራራ መውረድ ነው። ፓውደር የሚባለው ደግሞ ትኩስ የወረደ፣ ማሽን ያልዳመጠው፣ ገና ያልተረገጠ በረዶ ነው። በእግር ከገባችሁበት እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ ይውጣችኋል። ለእሱ ተብለው የሚሠሩ ቦርዶች አሉ። እኔ ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት ኮሎራዶ ውስጥ ቦርድ የሚያከራይና የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ ሳርመው የኖርኩትን ስህተት አሁንም በስልክ እያረምኩ ነው። አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት።

“ቁመትህን አይተህ ግዛ፤ ለፓውደር ደግሞ ከዚያም ረዘም አድርገው”

በረዶው ስለ ቁመታችሁ ምንም አያውቅም። የሚሸከመው ክብደታችሁን ነው። ያ ክብደት ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ሲያርፍ መስመጥ ይቀንሳል፤ ጠበብ ባለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይጨምራል። ቆላ ወርዶ አሸዋ ላይ ግመልና አህያ አብረው ሲሄዱ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ግመሉ ስንት እጥፍ እየከበደ ኮቴው ሰፊ ስለሆነ ከላይ ይሄዳል። ፍጥነትም ይረዳል፤ ቦርዱ በሮጠ ቁጥር በረዶው ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአገጭ ድርሻ የለም።

ምክሩ የሚያገለግለው ኪራይ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠዋት ሰልፉ ሲረዝም ሠራተኛው እያንዳንዱን ደንበኛ ሚዛን ላይ አያወጣም፤ በዓይኑ ለክቶ ይሰጣል። የኪራይ ቦርዶች ቅርጻቸው ተቀራራቢ ነው። የሚነዱትም በማሽን በተዳመጠ መንገድ ላይ ነው። ትንሽ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። ለዚያ ለዚያ ይበቃል። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለጥልቅ በረዶ ቦርድ የሚገዛ ሰው ግን በዚህ መለካት የለበትም።

ሁለት ሰዎችን ላሳያችሁ። አንዱ ካልጋሪ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ87፣ ሰውነቱ ቀጭን። አንድ ቀን ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ ባለ 165 ሴንቲ ሜትር ገዛሁ። አገጬ ጋ ልክክ ይላል።”

“ክብደትህ ስንት ነው?”

“66 ኪሎ።”

“ጫማህስ?”

“45። ምነው?”

“የቦርዱ ወገብ ስንት ይላል?”

ወገብ የሚባለው የቦርዱ መሐል፣ ጠባቡ ቦታ ስፋት ነው። ሄዶ አነበበልኝ፤ 25 ሴንቲ ሜትር።

ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ። 165 ለእሱ ክብደት ረጅምም ደረቅም ነው። አይታጠፍለትም፤ ዛፍ መሐል ሲገባ ቶሎ አይዞርለትም። ወገቡ ደግሞ ለ45 ቁጥር ጫማ ጠባብ ነው። ጣቱና ተረከዙ ከጠርዙ አልፈው ይንጠለጠላሉ። ቦርዱ ሲያጋድል ጫማው በረዶውን ይነካል፤ ከነካ ቦርዱ ይነሣል፣ እሱም ይወድቃል። ልጁ ግን የክረምቱን ግማሽ “እኔ ነኝ ያልቻልኩት” እያለ ነው ያሳለፈው። በኋላ 152 የሆነ፣ ወገቡ 26.5 የሚለካ ቦርድ ወሰደ። የዚያን ሳምንት የላከልኝ ቪዲዮ ላይ ዛፎቹ መሐል እንደ ልቡ ሲዞር ይታያል።

ሌላው የአዘዞ ልጅ ነው፤ ኮሎራዶ ሳለሁ እንገናኝ ነበር። አጠር ያለ፣ ሰውነቱ የሞላ፣ 88 ኪሎ። በአገጩ ለክተው 142 ሰጡት። በተዳመጠው መንገድ ላይ ችግር አልነበረበትም። ፓውደር ውስጥ ሲገባ ግን የቦርዱ አፍንጫ ወደ ታች ጠለቀ፣ እሱም ወደ ፊት ተደፋ። እንዲያው ሲወድቅና ሲነሣ ዋለ። ረጅሙ ልጅ የበዛበት፣ አጭሩ ልጅ ያነሰበት፣ ሁለቱም በአንድ ምክር የተሳሳቱ ናቸው።

“ለፓውደር ረዘም አድርገው” የሚለው ክፍል ድሮ ምክንያት ነበረው። የፓውደር ቦርዶች ስፋታቸው ከተለመደው ብዙም ስለማይለይ፣ በረዶው ላይ የሚያርፈው ቦታ የሚሰፋው በርዝመት ነበር። አሁን አምራቾቹ ቦርዱን ያሳጥሩና ወገቡን ያሰፉታል። እስኪ በግምት እናስላው፤ ጫፎቹ ክብ መሆናቸውን ትተን። 158 በ25 ብንል 3,950 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 150 በ27 ብንል 4,050። አጭሩ ቦርድ ይበልጣል፤ በላዩ ላይ ቶሎ ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቦርድ ስትገዙ እንደ አሠራሩ ከተለመደው ርዝመታችሁ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር የተለመደ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጡ። ከነልብሳችሁ፣ ከነጫማችሁ፣ ቦርሳ የምትሸከሙ ከሆነ ከነቦርሳው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ርዝመት የክብደት ክልል በሰንጠረዥ ያወጣል፤ እሱን አንብቡ። ቀጥሎ የጫማችሁን ቁጥር ከወገቡ ስፋት ጋር አስተያዩ። ቅርጹን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅርጹን ስታዩ ሜትርና አንድ ወረቀት ይበቃችኋል። የአፍንጫውን ሰፊ ቦታ ለኩ፤ የጅራቱንም ለኩ። የፓውደር ቦርድ ጅራቱ ከአፍንጫው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠባል። ጠባቡ ጅራት ሲሰምጥ ሰፊው አፍንጫ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከዚያ ቦርዱን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጡትና ወረቀቱን በአፍንጫው በኩል ሥሩ ግፉት። ወደ ፊት እግር ማሰሪያው እስኪጠጋ ድረስ ከገባ፣ አፍንጫው ቀደም ብሎ ከወለሉ ይነሣል ማለት ነው፤ ለጥልቅ በረዶ ጥሩ ነው። በጅራቱ በኩል ግን ወረቀቱ ገና ሲገባ ቢቆም ይሻላል። የኋላ እግራችሁ የሚገፋበት የሚይዝ ነገር ያገኛል።

“ፓውደር ውስጥ ወደ ኋላ ተደገፍ”

ይህችን የሚሰብክ ሰው ምሽት ላይ የኋላ ጭኑን እያሸ ታገኙታላችሁ። ክብደትን ሁሉ የኋላ እግር ላይ መጣል ጭንን ያቃጥላል፤ የፊት እግር ደግሞ ሥራ ይፈታል። ቦርዱን የሚመራው የፊት እግር ነው። በትክክለኛ ቦርድ ላይ ማሰሪያዎቹ ራሳቸው ከመሐል ወደ ኋላ ሸሽተው ነው የሚገጠሙት። አፍንጫው ረጅም ሆኖ ከፊታችሁ ይቀራል። እናንተ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ በሁለቱ እግሮች መሐል ትቆማላችሁ፤ ተንሳፍፎ መሄዱን ቅርጹ ይሠራላችኋል። ፍጥነት ሲቀንስ ትንሽ ወደ ኋላ መሸሽ ያለ ነው። ያ ግን ለቅጽበት ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚያዝ አቋም አይደለም።

አዲስ ቦርድ መግዣ የሌለው ሰው ካቻቢቴ ይያዝ። በያዛችሁት ቦርድ ላይ ሁለቱንም ማሰሪያ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ውሰዱ። በረዶ በጣለ ጠዋት ይህ ብቻ ልዩነት ያመጣል። ስንቱ ይህን ሳይሞክር ወደ ሱቅ ይሮጣል!

“የፓውደር ቦርድ የቅርብ ጊዜ ፋሽን ነው።” አይደለም። ሼርማን ፖፐን ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ለልጆቹ ሁለት ስኪ አጋጥሞ የሠራው መንሸራተቻ የብረት ጠርዝ አልነበረውም፤ የሚሄደው ለስላሳ በረዶ ላይ ነበር። በ1970ዎቹ ዲሚትሪ ሚሎቪች ዩታ ውስጥ ጅራቱ እንደ ሹካ የተከፈለ ቦርድ ለጥልቅ በረዶ ሠራ። በኋላም ታሮ ታማይ የተባለ ጃፓናዊ ኒሴኮ ላይ ሆኖ የባሕር ሞገድ ሰሌዳን ቅርጽ ወደ በረዶ አመጣ። አሁን የምታዩት አጭርና ሰፊ ቦርድ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቅጥያ ነው።

“ጅራቱ ካልተከፈለ የፓውደር ቦርድ አይባልም።” ክብ ጅራት ያላቸው በጣም ጥሩ ቦርዶች ሞልተዋል።

“በለሰለሰ ቁጥር ይሻላል።” አፍንጫው ለስለስ ይበል፣ ጅራቱ ጠንከር ይበል። ሁለመናው ለስላሳ ከሆነ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

“የሴት ቦርድ ልዩነቱ ቀለሙ ነው።” ወገቡ ጠበብ፣ እንጨቱ ለቀለለ ክብደት ለስለስ ብሎ ይሠራል። ትልቅ እግር ያላት ሴት የወንድ ብትወስድ ምንም ነውር የለውም።

“ትኩስ በረዶ ስለሚያንሸራትት ሰም አያስፈልግም።” እንዲያውም ብርድ ሲበረታ የትኩስ በረዶ ቅንጣት ሹል ስለሚሆን ቦርዱን ይይዛል። ለብርድ የሚሆን ጠንካራ ሰም ቀቡ። የልብስ ካውያ ግን አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ የቦርዱን ሥር ያቃጥላል።

“በረዶ የትም በረዶ ነው።” ይህም አይደለም። የኮሎራዶና የዩታ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ በሲያትል ዙሪያ ከውቅያኖሱ እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ ይከብዳል። ጃፓን ሆካይዶ ላይ ደግሞ ከሳይቤሪያ የሚነሣው ብርድ ባሕሩን ሲያቋርጥ እርጥበት እየሰበሰበ ያለማቋረጥ ያወርደዋል። ቀላል በረዶ ሰፋ ያለ ቦርድ ይፈልጋል። ከባዱ ያለ ችግር ይሸከማችኋል፤ ግን ስለሚገፋ ጠንከር ያለ ቦርድ ያሻዋል። የዴንቨር ዘመዳችሁ ያመሰገነውን ሲያትል ሆናችሁ ሳትጠይቁ አትግዙ።

“ዳሸን ላይ በረዶ አለ አይደል? እዚያ አይሞከርም?” ጎንደር ውስጥ የማይጠይቀኝ ወጣት የለም። አይሞከርም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ጫፉ ይነጣል። ነገር ግን ሌሊቱ እጅግ የሚበርድባቸው ወራት በጋ ናቸው፤ ዝናብ የለም። ዝናቡ ክረምት ላይ ሲመጣ ብርዱ በረዶ ለማከማቸት አይበቃም። የጣለውንም ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች። ሥሩም ድንጋይ ነው። ስሜን በእግር የሚታይ ተራራ ነው። “የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ አይሆንም” ለሚሉት ግን አልስማማም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሯል።

“ፓውደር ላይ መውደቅ አይጎዳም፤ ጀማሪም ይግባበት”

ይህን የሚል ሰው ሳገኝ ቡናዬን አስቀምጬ ነው የማስረዳው፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ነውና። ቅርንጫፋቸው ወደ ታች የወረደ የጥድ ዓይነት ዛፎች ሥር በረዶው አይጠቀጠቅም። ዙሪያውን ሲከመር ግንዱ ጋ የተደበቀ ጉድጓድ ይቀራል። እዚያ ውስጥ በጭንቅላቱ የገባ ሰው እግሩ ከቦርዱ ጋር እንደታሰረ ነው፤ በተወራጨ ቁጥር የላላው በረዶ ይደረመስበታል። ብቻውን መውጣት እጅግ ያዳግታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ዛፍ መሐል ስትገቡ ከጓደኛችሁ ጋር ግቡ፣ ከዓይኑም አትጥፉ። ታች እንገናኝ ተባብሎ መለያየት ከብቸኝነት አይሻልም። ግንድ አትጠጉ። ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ይኑር። መውደቃችሁ ካልቀረ እግራችሁ ወደ ታች፣ ጭንቅላታችሁ ወደ ላይ እንዲሆን ታገሉ፤ የምትይዙት ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ያዙ።

ከተከለለው ሥፍራ ውጭ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የበረዶ ናዳ አለ። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው፤ ለመንዳት ደስ የሚለውም ያው ተዳፋት ነው። ምልክት የሚያስተላልፍ ቢከን፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ እያንዳንዱ ሰው ይያዝ፤ አጠቃቀሙንም አስቀድሞ ይለማመድ። የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። አዳኝ ቡድን እስኪደርስ አይጠበቅም፤ የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛ ነው። የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ አትውጡ። ለቦርድ ያወጣችሁትን ያህል ለዚህ ሥልጠና ብታወጡ አልበዛም እላለሁ።

“ያገለገለ ቦርድ አይገዛም።” ይገዛል፤ እኔ እንዲያውም ለመጀመሪያ የፓውደር ቦርድ የምመክረው እሱን ነው። ብዙዎቹ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚወጡ ንጹሕ ሆነው ይሸጣሉ። ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ጭረት ችግር የለውም፣ እንጨቱ የሚታይበት ጉድጓድ ግን ውኃ ያስገባል። የብረት ጠርዙን በጣታችሁ ተከተሉ፤ የተሰነጠቀ ወይም የተነሣ ካለ ተዉት። ጎኑን ጫን ጫን አድርጉት፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ይከፈታል። የማሰሪያ ብሎኖቹ ቀዳዳ ጥርሱ ያላለቀ መሆኑን አንድ ብሎን አስገብታችሁ አዙሩ። ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱና ቦርዱ ላይ በጎን አስቀምጡት፤ ጣቱና ተረከዙ በሁለቱም በኩል ስንት እንደሚተርፍ እዚያው እዩ። ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ ሰፋ ያለ ፈልጉ።