የገጠር መንገድና የመሰናክል ግልቢያ በሐረርና በድሬዳዋ

የገጠር መንገድና የመሰናክል ግልቢያ ሩጫ የሌለበት የፈረስ መዝናኛ ነው። ፈረሰኛው በእግረኛ መንገድ፣ በኮረብታና በወንዝ አሸዋ ላይ ይጓዛል። መሀል ላይ የወደቀ ግንድ ይሻገራል፣ ከኮርቻው ሳይወርድ በር ከፍቶ ይዘጋል፣ ውሃ ይገባል፣ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ፈረሱን የኋሊት ያስኬዳል። ፈረንሳዮች ይህን ትሬክ በሚባል ውድድር አደራጅተውታል። የተጀመረው የፈረስ አስጎብኚዎችን ችሎታ ለመፈተን ነበር። ሦስት ክፍል አለው፦ ካርታ እያዩ በተወሰነ ፍጥነት መጓዝ፣ ፈረሱን በዝግታ ማስጋለብና በፍጥነት ማራመድ፣ እስከ 16 የሚደርሱ መሰናክሎችን ማለፍ። በእኛ በኩል ግን ብዙ መሰናክል መሥራት አያስፈልግም። የሐረርጌ እርከን፣ ቋጥኝና ደረቅ ወንዝ ይበቃል።

ፈረስና ሐረር

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አህመድ ሠራዊት ፈረሰኞች ነበሩት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነስቶ ሐረር የደረሰው በበቅሎ ነው።

ብዙ የተጻፈለት ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት፣ ማለትም ከጥር 1879 በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ራስ መኮንን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1898፣ ሐረርን አስተዳደሩ። የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር። በአምባላጌም በዓድዋም ጦራቸውን ይዘው ዘምተዋል። ልጃቸው ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ኋላ አባ ጠቅል ተባሉ። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም ወደ ኮርያ የላኩትን ጦር ቃኘው ብለው የሰየሙት በአባታቸው የፈረስ ስም ነው። የሐረር ገዢ የፈረስ ስም ኮርያ ድረስ ዘምቷል ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ የማያደርግ የሐረር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ራስ መኮንንን በፈረስ ላይ የሚያሳየው ሐውልት ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው አደባባይ ይታይ ነበር፤ በሰኔ 2012 ፈርሷል። በዚያ ላይ ክርክር አለ፣ እዚህ አንገባበትም። ጀጎል ውስጥ ያለው ፈረስ መጋላ (የፈረስ ገበያ) ግን አሁንም የከተማዋ እምብርት ነው፤ ዛሬ የሚጨናነቅበት ባጃጅና ሰው ቢሆንም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለነበር ታች ቆላው ላይ ቀረ። ከባቡር ወርዶ ሐረር መሄድ የፈለገ በበቅሎ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ዛሬ በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የትኛው ከብት?

የኢትዮጵያን ፈረሶች የለዩ ተመራማሪዎች ስምንት ዓይነት ቆጥረዋል። ሁለቱ ከእኛው አካባቢ ናቸው፦ የኦጋዴን ወይም ዊልዋል ፈረስና የቁንዱዶ የዱር ፈረስ። የቁንዱዶዎቹ በጉርሱም በኩል ባለው፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ላይ የሚኖሩ በጣም ጥቂት ፈረሶች ናቸው። ከየት እንደመጡ የሚተረከው ብዙ ነው። ለግልቢያ ይያዙ ማለት ግን ነውር ነው። እነሱ ሊጠበቁ እንጂ ሊገሩ አይገባም።

ለጀማሪ ቀርቦ የሚገኘው የጋሪ ፈረስ ነው። ጥሩ ጎን አለው፤ የባጃጅ ጡሩምባ ጆሮው ስር ቢጮህ አይደነግጥም። ችግሩ መጎተት እንጂ መሸከም አለመልመዱ ነው። ከመከራየትም ከመግዛትም በፊት ጀርባውን ይዩት። ከጋማው መጨረሻ ጀምረው በሁለት ጣት አከርካሪው ግራና ቀኝ ጫን እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ ወይም ወገቡን ዝቅ ካደረገ ያመዋል። ያ ፈረስ ኮርቻ አይጫንበትም፣ አለቀ።

ክብደትም ይታሰብ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ፈረሰኛውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አይበልጡ የሚል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ሊሸከም የሚገባው 50 ኪሎ ነው ማለት ነው። የእኛ ፈረሶች ትናንሾች ናቸው፤ ስለዚህ ጎልማሳ ሰው ጠንካራ በቅሎ ቢፈልግ ይሻለዋል። በድንጋያማ መንገድ ላይ ደግሞ በቅሎን የሚያህል የለም።

የባህሉ ዕቃ ለፎቶ ያምራል፣ ለጀማሪ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆየው ልጓም የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ) ትንሽ ቢስቡት እንኳ ያማል። እጁ ገና ያልረጋ ሰው ለስለስ ያለ ልጓም ይፈልግ። እርካቡም በባዶ እግር ለአውራ ጣት የተሠራ ነው። ጫማ ያደረገ ሰው ሰፋ ያለ እርካብ ካላገኘ፣ ሲወድቅ እግሩ ተይዞ ሊጎተት ይችላል። የራስ ቁር ከሌለ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አይተካውም፤ ከባድ ነው፣ አንገት ያደክማል።

ከመውጣት በፊት መሬት ላይ

የመሰናክል ትምህርት የሚጀምረው በእግር ነው። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ሜዳ ላይ ያንጥፉ፣ ነፋስ እንዳይወስደው አራቱን ጥግ በድንጋይ ይያዙት። ፈረሱን በገመድ ይዘው ወደዚያ ይሂዱ። ይቆማል፣ ያፈጣል፣ ያናፋል። አይጎትቱት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲያሸተው ገመዱን ያላሉለት፣ ከዚያ መልሰው ይውሰዱት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምልልስ አንድ ሰኮና ያሳርፋል። ለዛሬ እሱ ይበቃል። ትምህርቱ ያለው ገመዱ በሚላላበት ቅጽበት ነው፤ ጅራፍ ማዳበሪያውን የባሰ ያስፈራዋል እንጂ አያስተምረውም። በማግስቱ መሬት ላይ የተጋደሙ እንጨቶች፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ መራመድ፣ ከዚያ ውሃ ይከተላል። ኮርቻ ላይ ሆኖ መሞከር የሚመጣው ይህ ሁሉ በእግር ካለቀ በኋላ ነው።

የት ይኬዳል?

ሐረር ላይ በሐኪም ተራራ በኩል ያሉት መንገዶች ለመጀመሪያ ይበቃሉ። እርከን ሲወርዱ ዛቡን ያርዝሙለት፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ራሱ ይይ። የሰው ጫት መሀል ግን አይገባም። ከአወዳይ በሚነሳው አስፋልት ዳር መጋለብ ደግሞ ራስን መጥላት ነው፤ ጫት የጫነ አይሱዙ ለፈረስ ፍሬን አይዝም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መመለስም ግድ ነው፤ ጅቡ ለቱሪስት ለማዳ ቢመስልም ለፈረስ ያው ጅብ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ስለሚከብድ ግልቢያው ጎህ ሲቀድ ይሁን። ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ለስላሳ ሜዳ ነው። ግን ጥልቅ አሸዋ ጅማት ይጎዳል፤ በእርምጃና ለአጭር ጊዜ ይሁን። ደጋው ላይ ደመና ከታየ ደግሞ ጨርሶ አይግቡ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ደቻቱ ሲመጣ አያስጠነቅቅም።

ጤናና መኖ

ቆላው ላይ ከዝናብ በኋላ የሚበዙት ትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ያስተላልፋሉ። በሽታው በብዛት ይገድላል፣ መድኃኒትም የለውም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ለምክር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርብ ነው፤ ምሥራቁ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ደጁ ላይ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረሱን ዝናብ ሳይጀምር ማስከተብ፣ ማታ ማታም በረት ውስጥ ማሳደር ይረዳል።

መኖ ላይ ሁለት ነገር ይታወስ። ገና ያልደረሰ ወይም ድርቅ የመታው የማሽላ ቅጠል ሳያናይድ ስለሚይዝ አይሰጥም። ገራባም (የጫት ትርፍራፊ) ለፍየሎች ይተው።